መካሪ የጫነች ፒካፕ

በእኛ በቆቦ ቆላ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ከታየ፣ ቆሞ የሚመክር አሥር ሰው አይጠፋም። ጉድጓድ ቢቆፍር ጥልቀቱን፣ ግመል ቢጭን አጫጫኑን የሚያርሙለት ሞልተዋል። እኔ በበኩሌ ምክር አልሰጥም፤ ብዙም አልናገርም። ቤተሰቤ ኩራት ይለዋል። እናንተ እንደ ፈለጋችሁ በሉት።

ልጄ ሰዓዳ የመኪና ጥገና ተምራ ከመጣች ወዲህ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ግቢያችን መንገድ ዳር ነውና እዚሁ ጋራዥ ልክፈት። አጎቷ ደግሞ ወልድያ የቢሮ ሥራ አግኝቶላታል። ቁርጡን ነገርኳት፦ "ሽንኩርት የማመላልስባት ፒካፕ ቂጧ መሬት ሊነካ ደርሷል። ካቃናሻት ጋራዥ፣ ካላቃናሻት ወልድያ።"

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንሥታ፣ ጎማ ፈትታ፣ ከኋላ ጭነት ተሸክሞ የደከመውን ባሌስትራ አውርዳ አዲሱን አሰረች። እስከዚህ ድረስ መካሪዎቹ አሥራ አንድ ደርሰዋል። ጎማው ገብቶ መኪናዋ መሬት ስትይዝ ግን አዲሱ ባሌስትራ ኋላዋን ሽቅብ ሰቅሎት፣ ከጎኑ የሚታሰረው ንጥረት አብራጅ አሞርዛተር አልደርስ አለ። ከቡሎኑ ቀዳዳ አንድ ጣት ያህል ቀረው።

"ብያለሁ እኮ!" አለ ጎረቤቴ አያ ይመር። ምን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ግን አልነበረም።

ልጄ ላቧን ጠረገች። እኔ ወልድያ ታየችኝ። ለካ ልጄ እንድትሄድ አልፈልግም ኖሯል!

"አባባ፣ ክብደት ከተጫነባት ዝቅ ብላ ትገጥማለች" አለችና ወደ መካሪዎቹ ዞረች። "አያ ይመር፣ መኪናዋ ላይ ይውጡ! ሁላችሁም ውጡ!"

"እኛ ለምክር እንጂ ለጭነት መጣን እንዴ?" አለ አያ ይመር።

"ምክሩን ተቀብያለሁ፤ አሁን ኪሎውን አምጡ!"

አሥራ አንዱም እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ተጫኑ። መኪናዋ ወረደች፤ ወረደችና ጥቂት ሲቀራት ቆመች። ዞር ዞር ብዬ አየሁና እኔም ወጣሁ።

ቡሎኑ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሚወርድ ጠፋ። "ሳንሞክራት?" አሉ። ሰዓዳ መሪውን ይዛ እስከ ሮቢት ነዳችን። የደረቀውን ወንዝ ጠጠር ስንሻገር ከተቀመጠበት የዘለለ ሰው የለም። እኔ ስስቅ ታይቻለሁ ይላሉ። ውሸት ነው። ፈገግ ነው ያልኩት።

ጋራዡ ተከፈተ። ድሮ ደጄን የረገጠ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዛሬ ሾፌሩ ሁሉ ፊቴን እንኳ ሳያይ፣ "አባት፣ ባለሙያዋ የለችም?" ይለኛል።

"ትመጣለች፤ ተቀመጥ" እላለሁ፤ በርጩማም አቀርባለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለልጄ ዘበኛ ሆኛለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ደስ ግን ይላል።