ያልጸደቀው ረቂቅና የይታይሽ ዕረፍት

ሕግ እስኪወጣለት ድረስ ደግ ለመሆን የሚጠብቅ ሰው ከክፉ ሰው የሚለየው በትዕግሥቱ ብቻ ነው! አትቆጡ፤ የምወቅሰው ራሴን ነው።

ቤተኞቹን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ። ፊደልን ራሴ ለራሴ ስላስተማርሁ ያነበብሁትን ሁሉ ለሌላው ካላስተማርሁ እህል አይወርድልኝም። ሁለተኛዋ ባለቤቴ አልጋነሽ ናት። ሦስተኛዋ ልጃችን ሰብለ፤ ክፍሏ ዘጠነኛ፣ ምላሷ ዐሥራ ሁለተኛ። አራተኛዋ ቤታችን ተቀጥራ የምትሠራው ይታይሽ፤ እናቷ ከሐሙሲት ወዲያ ገጠር ውስጥ ይኖራሉ።

አንድ ቀን በፋብሪካው ስብሰባ ላይ የሠራተኛ ሕጉ ሊሻሻል ነው፣ ለቤት ሠራተኞችም የዕረፍት ቀን ይታሰባል ተባለ። አስተያየት ሲጠየቅ የእኔ እጅ ቀድማ ወጣች። «የቤት ሠራተኛ እሑድ እሑድ ማረፍ አለባት!» ብዬ ሃያ ደቂቃ ተናገርሁ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው።

ማታ ይታይሽ እጄን ስታስታጥበኝ፣

«ደስ ይበልሽ፣ መብትሽን አስከብሬልሻለሁ! ረቂቁ እንደጸደቀ እሑድ ታርፊያለሽ» አልኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ እኮ እናቴን...»

«እናትሽም ደስ ይላቸዋል!»

ረቂቁ አዲስ አበባ ሄደ። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ተብሎ ተቀመጠ። ይታይሽ በየሳምንቱ «ጋሼ፣ ወጣ?» ትላለች። እኔም «ገና ነው» እላለሁ፤ ከዚያም የረቂቁን ጥቅም አንቀጽ በአንቀጽ አስረዳታለሁ።

«ዘጠኝ ወር አለፈው እኮ! ምን ቢያረግዝ ነው?» አለች አልጋነሽ።

«አባባ፣ ለምን አሁኑኑ አትሰጣትም?» አለች ሰብለ።

«ሥርዐት ይኑርሽ! ሕግ ሳይወጣ የሚሰጥ መብት ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ሰውን ያዋርዳል!»

ምን ያለ ንግግር ነው! እውነቱን ልንገራችሁ? እሑድ እሑድ ከጣና ዳር ገዝቼ የማመጣውን ዓሣ የምትጠብሰው ይታይሽ ነበረች...

በዐሥረኛው ወር፣ አንድ ረቡዕ፣ ሽንኩርት ሳትልጥ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምነው? ትንሽ ታገሺ እንጂ፤ እሑድ እኮ ሊደርስልሽ ነው!»

«እሑድ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? እናቴ ሐሙሲት ገበያ የምትወጣው ሐሙስ ነው። ያኔ ዕረፍት ልታገኝ ነው ሲባል የአገሬ ሰዎች ትመጣለች ብለው ነግረዋት፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እስኪመሽ መኪና መውረጃው ላይ ትጠብቀኛለች አሉኝ። ቤቷ ድረስ እንዳልሄድ በእግር ግማሽ ቀን ነው፤ በአንድ እሑድ ደርሼ አልመለስም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎ አፌን ስከፍት ረቂቁን ያስረዱኛል!»

ከአልጋነሽ ጋር ብቅ ያለችው ሰብለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር። አያችሁ ጉዴን? ከተማዋ ሐሙሲት ተብላ የገበያ ቀኗን በስሟ እየጮኸች፣ እኔ ለሴትዮዋ ልጅ እሑድን ሳስከብር ከረምሁ!

«ነገ ትሄጃለሽ» አልሁ።

«ምሳውን ማን ይሠራዋል?» አለች አልጋነሽ።

«እኔ!»

ከፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ ዓሣ ጠበስሁ። ቅርፊቱ እንደሚነሣ ያነበብሁት መጽሐፍ የለም። አልጋነሽ አንዱን ቅርፊት ከጥርሷ መሐል አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችውና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» አለችኝ።

ይታይሽ አመሻሽ ላይ እየሳቀች ተመለሰች። እናቷ አንድ ቁና ሽምብራ ልከውልኛል። «እንዲህ ያለ ሩኅሩኅ ጌታ እግዜር ያክብርልኝ» ብለዋል አለችኝ። ሽምብራውን ተቀብዬ የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ሐሙስ የይታይሽ ሆነ። ረቂቁ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። እኔም የነገሩን ወጪ ደምሬዋለሁ። እኛን ያስወጣን የአውቶቡስ መሄጃና መመለሻ፣ ሁለት ብር። እናቷን ያስወጣቸው አርባ ሐሙስ።