ግስ ከመጨረሻ አይጠፋም

እንግሊዝኛ የቀመሰ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሰቆጣ አንድ አለን፤ ትናንት ከመምህራን ማሠልጠኛ የመጣ ልጅ። እኔ የኔታ ተብዬ ሃያ ዓመት የግእዝ ግስ ሳስወርድ ማን አድንቆኝ ያውቃል? እርሱ ግን በማኅበር ቀን፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ «አይ ኢት ብሬድ» ብሎ «ግሱ የቱ ነው?» ሲል ሰዉ ሁሉ አፉን ከፈተ።

የቀናሁ እንዳይመስላችሁ፤ ሙያዬ ነውና ገባሁበት። «ግስማ ማሰሪያ ነው፤ በአማርኛችን ከመጨረሻ አይጠፋም። ብሬድ ነው» አልኩ።

«የለም የኔታ፣ ብሬድ ስም ነው፤ ዳቦ ማለት። ግሱ መሐል ያለው ኢት ነው፤ መብላት» አለኝ፣ እጅ ነስቶ።

ሁልጊዜ ለእኔ የሚሰጠውን የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእርሱ ሰጡት። ታዲያ ግስ መጨረሻ ነው ስል ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ልጁ ዳቦዬን በላ።