ተቀናሽ ያልሆነው ኮት

በራሱ የሚሠራ ሰው አለቃ የለውም ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ደመወዝተኞች ናቸው። እኛማ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል፣ የበላነውን ከሠራንበት እየለየ የሚጠይቀን አለቃ አለን፤ ስሙ ግብር ይባላል። እሱ ፊት ስትቀርቡ ዓመቱን ሙሉ ያወጣችሁት ገንዘብ ሁሉ ለገዛ ደስታችሁ ያባከናችሁት ይመስላል።

ደባርቅ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከጎንደር ከነደረሰኙ የገዛሁት ሰማያዊ ኮት። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሁሉ እሱን ይለብሳል፤ ለቀጭኑ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እሰበስብለታለሁ፣ ወፍራሙን እስካነሣው ድረስ ትንፋሹን እንዲይዝ እለምነዋለሁ። ከወገብ በታች ቁምጣ ይሁን ሱሪ የሚጠይቅ የለም። የወረዳው ግማሽ ሰው መታወቂያው ላይ አንድ ኮት ለብሷል ብል ብዙም አላጋነንኩ።

እናም ኮቱን ከፊልሙና ከወረቀቱ ጋር፣ ግብር ሲሰላ ከገቢዬ ላይ የሚነሣ ተቀናሽ ወጪ ብዬ አስመዘገብኩት። ሒሳቤን የምታየው የግብር ሠራተኛ፣ ጨዋና ጠንቃቃ ልጅ ነበረች፣ ፊልሙን አለፈችና ኮቱ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ልብስ እኮ የግል ነው።»

«እኔ አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም እህቴ። መጥተሽ እዪው።»

መጣች። ዕድሌ ሆኖ ከጃናሞራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ኮቱን ለብሰው፣ ወንበሩ ላይ ተሰይመዋል። ልጅቷ ከኋላ የተደረደረውን መቆንጠጫ አይታ ፈገግ አለች።

«ገባኝ፤ እውነትም ለሥራ ነው።»

ደስ አለኝ። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

«ታዲያ ልብስ ያከራያሉ ማለት ነዋ! እሱ እኮ ሌላ ንግድ ፈቃድ ይፈልጋል።»

«ኧረ በነጻ ነው የማለብሳቸው!»

«በነጻ ከሆነማ ገቢ አያመጣም። ገቢ የማያመጣ ነገር ደግሞ አይቀነስም።»

እናንተ መልስ ካላችሁ ወዲህ በሉ። የኮቱ ወጪ ሳይቀነስልኝ ቀረ።

ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ሲያዩ ቆይተው ኮቱን ማውለቅ ጀመሩ።

«ምነው አባባ?»

«የመንግሥት ጣጣ ያለበት ልብስ ለብሼማ አልነሣም፣ ልጄ። ነገ ግብሩን ከእኔ ቢሉስ?»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም አልቻልኩም፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን ደርበው በሳቅ ተከተሉን። ጣቴ ያን ጊዜ ካሜራውን ተጫነ። ጥርሳቸው ሁሉ የወጣ፣ ግሩም ፎቶ! ግን ለመታወቂያ የሳቀ ሰው አይቀበሉም። ኮስተር እንዲሉ ለምኜ ደግሜ አነሣኋቸው።

የባከነችው ፊልም ተቀናሽ ትሆን እንደሆነ ልጅቷን ልጠይቃት አሰብኩና፣ ደግሞ የሳቅ ፈቃድ ያውጡ እንዳትለኝ ፈርቼ ተውኩት።