የታደሰ ወገብ

መኪናው ከኋላ በተገጨ ማግስት የሕግ ሊቅ ሆኖ የሚነሣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ እኛ አትላንታ ታደሰ የሚባል ባለታክሲ ነበረን። «እዚህ ጆርጂያ ተገጭተህ ‹ደህና ነኝ› ካልክ የካሳ ክሌምህን በገዛ አፍህ ቀበርከው!» እያለ ያስተምረን ነበር። እሱማ «ወገቤን!» ካለ ወዲህ ካልደገፉት አይነሣም፤ ደጋፊው ደግሞ እኔ ነኝ።

የገጨው ሰው ኢንሹራንስ የቀጠረን ቀን እያቃሰተ ቢሯቸው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው አስተርጓሚው ገቡ፤ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ የአገራችን ሽማግሌ። ምኑን ልንገራችሁ! ታደሰ «ኖር!» ብሎ ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ አልበቃው ብሎ እጥፍ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው «በእግዜር! ወገብህን ያጽናልህ፣ ልጄ!» አሉት።

የኢንሹራንሱ ሰው ፋይሉን ዘጋ። እኔ እንዲህ ፈጥኖ የደረሰ ምርቃት አይቼ አላውቅም።