መጠበቅን የሰረዘው ሰው

አሳጣሪ የሌለበት ከተማ በምድር ላይ የለም። ታውቁታላችሁ። ገና “ትናንት ምን ሆነ መሰላችሁ” ስትሉ፣ “መጨረሻውን ንገሩኝ” የሚለው ነው። ሻያችሁን ስታማስሉ “ስኳሩ ሦስተኛው ዙር ላይ ሟሙቷል” ብሎ ማንኪያውን ከእጃችሁ የሚቀበለው እሱ ነው። ሌሎች ከተሞች ተራ ተራ አሳጣሪዎች አሏቸው። ሸዋ ሮቢት ግን ሊቀ አሳጣሪያን አላት፤ እኔ አማርኛ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር የሆኑት ክቡር ጋሼ መሳፍንት!

ጋሼ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሮቢት ሙቀት ከተመደቡ አሥር ዓመታቸው ነው። ከመንገዱ ሁሉ የሚያከብሩት የጣርማ በርን ዋሻ ብቻ ነው። አውቶቡሱ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።

“ዋሻ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?” አሉኝ አንድ ቀን። “የተሰረዘ ተራራ ነው።”

ግጥም ጻፊ ነኝና ይህን ሰምቼ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ያጣሁትን እንቅልፍ አርባ ስንኝ አድርጌ ጽፌ ሰጠኋቸው። በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ ስድስት ስንኝ አድርገው መለሱልኝ። “ ‘ሮቢት ሆይ’ ሰባት ጊዜ ሜሞሪ ላይ ተጭኗል። አንዴ ከጫንሽው እዚያው አለ እኮ፣ የት ይሄዳል?” ከሁሉም የሚያናድደው፣ ስድስቱ ስንኞች ያማሩ መሆናቸው ነበር።

የአሳጣሪ ፈተና ሰላምታ ነው፤ ሮቢት ባለችበት በይፋት ሰላምታ ደግሞ አያጥርም። የትምህርት ቤቱ ጎረቤት እትዬ መሪማ ሽንኩርት ያመርታሉ። በር ላይ ሲያገኙዋቸው፣

“አሰላሙ አለይኩም መምህሬ፣ እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ሙቀቱ እንዴት አደረገህ? ልጆቹስ? የደብረ ብርሃን ሰዎችስ? አንተስ ደህና ነህ?”

“ለሁሉም ደህና፣ እትዬ።”

“ ‘ለሁሉም’ ማለት ለማን ለማን ነው? አንድ በአንድ ነው የጠየቅኩህ!”

“ ‘ደህና ነህ’ን ሁለቴ ጠይቀውኛል።”

“አዎ! መጀመሪያ ስትመልስ ዋሽተህ ከሆነስ?”

አሁን ወደ ታላቁ ሥራቸው ልምጣ። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚገለብጥ ነው። ጋሼ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትገለብጥ አንዲት ትንሽ፣ ቀልጣፋ ኮምፓይለር አለቻቸው። ትልልቆቹ የትምህርት ቤቱን አሮጌ ኮምፒውተር ያስቃስቱታል፤ ይቺ ግን ዐይናችሁን ሳታርገበግቡ ትጨርሳለች። አንድ ጥፋት ነበረባት፤ የምታወጣው ትእዛዝ ወሬኛ ነው።

“ተመልከቺ፣” አሉኝ ስክሪኑን በጣታቸው እየወጉ። “ቁጥሩን ከሜሞሪ ታወጣለች። መልሳ ታስቀምጣለች። ወዲያው ደግማ ታወጣዋለች! ማንጎውን ከሳጥን አውጥቶ፣ ሳጥን ውስጥ መልሶ፣ እንደገና አውጥቶ የሚሸጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ስለዚህ ማንጎው እጅ ላይ እንዲቆይ አስተማሯት። የምትደጋግመውን አንዴ እንድትል አደረጉ። በየቀኑ ወደ መምህራን ክፍል እየሮጡ ገብተው “አራት ባይት ቀነስኩ!” ብለው ይጮሃሉ፤ ባይት የሜሞሪ መለኪያ ነው አሉ። እኛም፣ ምን እንደሆነ ሳይገባን፣ እናጨበጭባለን። ደስታ ይጋባል።

ይህ ሁሉ ለመዝናኛ አልነበረም። በሰፈሩ መስኖ ውሃ በተራ ነው። ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሼህ አሊዪ ናቸው፤ የቦዩን የቆርቆሮ በር በገመድ ስበው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጉልበታቸው ስለደከመ ጋሼ በሩን በሞተር የምትከፍት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊሠሩላቸው ቃል ገቡ። ትከፍታለች፣ ሁለት ሰዓት ትጠብቃለች፣ ትዘጋለች። የሰሌዳዋ ሜሞሪ ግን ከሁለት ሺህ አርባ ስምንት ባይት በላይ አይችልም። ፕሮግራሙ በዚያ ሁሉ ማሳጠር እንኳ ከዚያ በስድስት ባይት በለጠ።

ስድስት! ጋሼ መብላት አቆሙ። የመጀመሪያዋ ተረኛ እትዬ መሪማ ነበሩ፤ ችግኛቸው ገና ተዛውሮ መተከሉ ነው። ተራው ካለፋቸው የሚቀጥለው በስምንተኛው ቀን ነው። በሮቢት ፀሐይ ስምንት ቀን ውሃ ያልጠጣ ችግኝ ገለባ ነው።

በዋዜማው ጋሼ ለኮምፓይለሯ የመጨረሻውን ሕግ ሰጧት፦ ምንም የማይሠራ ትእዛዝ ካየሽ ሰርዢ። ፕሮግራሙ ጥልቅ ብሎ ገባ! ጋሼ የመምህራኑን ክፍል እየዞሩ ጨፈሩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦዩ ዳር ተሰበሰብን። ሞተሯ ጮኸች፣ በሩ ተከፈተ፣ ውሃው ምላሱን አወጣ። ቿ! በሩ ተዘጋ።

ጋሼ ሰሌዳዋን አጥፍተው አበሯት። ተከፈተ፤ ቿ! ተዘጋ። ፊታቸው አመድ ሆነ።

“ጠብቂ ያልኳትን አውጥታ ጥላዋለች፣” አሉኝ በሹክሹክታ፤ አጠገባችን የቆሙት ሼህ አሊዪም ሰሙ። “እስከዚህ ቁጥር ድረስ ዝም ብለሽ ቁጠሪ ነበር ያልኳት። መቁጠር ብቻ! ምንም ሥራ የለውማ። ስለዚህ… ሰረዘችው።”

ከእትዬ መሪማ ቀጥሎ ያለው ባለ ማሳ ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። “በር ተዘጋ፣ ተራ አለፈ። ሕጉ ይኸው ነው፣ ሼሁ።”

እትዬ መሪማ ችግኛቸውን አዩት፣ ከዚያ ጋሼን አዩ። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

“መሪማ፣ አንቺ ዘግተሽዋል?” አሉ ሼህ አሊዪ።

“ወላሂ አልዘጋሁም።”

“ባለተራው ያልዘጋው በር አልተዘጋም። መምህር! መጠበቁን የሰረዝከው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያ አንተው ጠብቅ። ሁለት ሰዓት።”

ሞተሯ ተነቀለች። በሩ ተከፍቶ እንዲቆም ገመዱ የሚታሰርበት የድሮው ካስማ አጠገቡ ነበር፤ ጋሼ ባለፈው ሳምንት “ትርፍ ነው” ብለው አስነቅለውታል። ስለዚህ የሊቀ አሳጣሪያን ሁለት እጆች ገመዱን ያዙ። ውሃው በእግራቸው መካከል እየተንፏቀቀ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ።

እትዬ መሪማ ቦዩ ዳር ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። የትም መሄድ የማይችል ሰው አግኝተዋል።

“እሺ መምህሬ፣ እንዴት አደርክ?”

“ደህና ነኝ፣ እትዬ።”

“ልጆቹስ?”

“ደህና ናቸው።”

“የደብረ ብርሃን ሰዎችስ?”

ጋሼ ላባቸውን በትከሻቸው ጠርገው፣ “እናቴን ትንሽ አሟታል፣” አሉ።

አሥር ዓመት አብረዋቸው የሠሩ መምህራን ሁሉ ይህን አያውቁም ነበር። እትዬ መሪማ ወደ ጠርዙ ተጠጉ። “ይኸው! እኔ እኮ ሁለቴ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ምኗን?” ከዚያ በኋላ ያወሩትን ውሃው ብቻ ነው የሰማው። አምስት ሰዓት ሲሆን የመጨረሻዋ መደብ ጠጣች፤ ጋሼም ገመዱን የለቀቁት ተጠርተው፣ ያውም ሁለተኛ ጊዜ ተጠርተው ነው።

በማግስቱ መጠበቁን ወደ ፕሮግራሙ መለሱት፤ ኮምፓይለሯ እንዳትነካው የሚከለክል ምልክትም አኖሩበት። ፕሮግራሙ እንደገና በስድስት ባይት በለጠ። ያኔ ነው ከጀርባቸው ቆሜ ምስጢራቸውን ያየሁት። ያው “አትንኪ” የሚል ምልክት ከመጀመሪያውም አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ ማንም በማያየው የፕሮግራሙ ጓዳ፣ “መሳፍንት” የሚል ስም ላይ።

“ጋሼ! ይሄስ ትርፍ አይደለም?”

ጆሯቸው ቀላ። “አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣” አሉ፤ አምስቱንም ፊደል ሰረዙ። አሥራ አምስት ባይት ተለቀቀ። ለመጠበቁ ስድስቱን ከፈሉ፣ ዘጠኝ ተረፋቸው።

በሕይወቴ እኒህን ሰው ትርፍ ሲጠሉ እንጂ ትርፍ ላይ ሲያመነቱ አይቼ አላውቅም። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ትንሽ ተንከራተተ፤ ከዚያ ጻፉ። ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት፣ ልክክ።

መሪማ።

እኔ አርባ ስንኝ ጽፌ ያልደረስኩበት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አጠገባቸው ብቀመጥም፣ የሚሰረዝ አላገኘሁበትም።