ስዕል ከግድግዳ፣ መሐላ ከአፍ

ግድግዳን ከሃይማኖት የሚያጸዳ፣ አፉን ግን የሚረሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ ገጥሞኛል።

ሸዋ ሮቢት በነበረችኝ ትንሽ ምግብ ቤት የማርያምን ስዕል ሰቅዬ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የቀበሌው ካድሬ ገባና፣ «እትዬ፣ በሕዝብ ቦታ የሃይማኖት ምልክት እንዳይታይ ታዟል፤ አውርጃት» አለኝ።

«ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ቤት ነው፤ የምትጠብቀኝም እሷ ናት» አልኩት።

«ማርያምን! ነገ እዚህ ባገኛት ቤቱን አሽገዋለሁ!»

ከጀውሃ ሽንኩርት ይዘው የመጡት ጋሼ ሰይድ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «በማን ማሉ፣ ጓድ? ወላሂ ግራ ገባኝ! እንድትወርድ ያዘዙት ይቺኑ አይደለም እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ የተሳቀበት ካድሬ ቤት ያሽጋል። እሱ ግን ስዕሏን ቀና ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓዳ እኮ የሕዝብ ቦታ አይደለም» አለኝ።

ወዲያው ጓዳ አስገባኋት። ቤቴም አልታሸገችም፤ ተመስገን። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ከዚያ ወዲያ ጓዱ «እዚህ ይሞቃል» እያለ ምሳውን የሚበላው ምድጃው ከሚነድበት ጓዳ ገብቶ ነበር።