ድርቆሽ የጎረሰው ደወል

ለሙዚየም ዕቃ ሰጥቶ የሚረሳ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ዕቃውን ያስረክባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ ያስረከበውን ሲጠብቅ ይኖራል። በአልፕስ ተራሮች ባለችው በእኛ በታይሮል ሙዚየም የሌለው መንደር ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ሙዚየም ግን ጨርሶ የለም። የእኛው ክቡር አቶ ሮሜድ ኦበርሆፈር ይባላሉ።

እኔ አፍራ እባላለሁ፤ የሙዚየሙን በር እከፍታለሁ፣ ትኬት እቆርጣለሁ፣ አቶ ሮሜድን እችላለሁ። የሰጡን ዕቃ ከአያታቸው የወረሱት፣ ድስት የሚያህል የመሪ ላም ደወል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ኮፍያቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ደወሉ የተቀመጠበትን የመስታወት ሣጥን ይወለውላሉ።

«እኛም እኮ እንወለውለዋለን» እላቸዋለሁ።

«ሰጠሁ እንጂ አልተውኩም» ይሉኛል።

ስለ ሌሎች ሙዚየሞች ያላቸው አቋም ጥብቅ ነው። ከተማ ወርደው፣ ከበረዶ ውስጥ የወጣውን የጥንት ሰው ሬሳ አይተው ሲመለሱ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ሰውየውን ማን ጠየቀው?» አሉኝ። «እኔ እንኳ ደወሌን ስሰጥ ተለምኜ ነው።» ጥሩር፣ የድሮ የብረት የጦር ልብስ፣ የተደረደረበትን ግንብም ጎብኝተዋል። «ልብስ ብቻ! ባለቤቶቹ የት ሄዱ?»

የደወሉን መግለጫም አይወዱትም። «የላም ደወል፣ ነሐስ» ይላል።

«የማን ላም?»

«አቶ ሮሜድ፣ ወረቀቱ ትንሽ ነው፤ ቦታ አይበቃም።»

«ለነሐስ የበቃ ቦታ ለላሚቱ ስም አነሰ?»

ደወሉን ሲሰጡ አንድ ቃል አስገብተውን ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ላሞቹ ከተራራው ግጦሽ በሚወርዱበት ቀን፣ ደወሉ ወጥቶ በመሪዋ ላም አንገት ላይ ይውላል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ዘንድሮ የመጡት አዲሷ ኃላፊያችን፣ ክብርት ዶክተር ጌርሊንዴ፣ ይህን ሲሰሙ የተመዘገበ ቅርስ ላም አንገት ላይ አይንጠለጠልም አሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው በጋችን በሁለቱ ጦርነት አለቀ።

«ከሥሩ ላም ከሌለች እኮ ደወል አይደለም፣ ዶክተር! ድስት ነው!»

«ድስትም ቢሆን ቅርስ ነው፣ አቶ ሮሜድ።»

«እንግዲያው ሾርባ ይሥሩበት!»

መጨረሻ ላይ ቄሱ በሽምግልና ገቡና ዶክተሯ ለአንድ ቀን ብቻ ፈቀዱ።

ቀኑ ሲደርስ በማለዳ የመስታወቱን ሣጥን ብሎኖች ፈትቼ ጠበቅሁ። ከታች አደባባዩ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሙዚቀኞች መለከት ይሞክራሉ፤ ቱሪስቱ ከወዲሁ ወንበር ይዟል። አቶ ሮሜድ በደስታ እየተንጎራደዱ ይገባሉ ብዬ ነበር። የገቡት ግን ከልጃቸው ከኡርባን ጋር እየተከራከሩ ነው።

«አባዬ፣ አንዲት ጊደር እኮ ናት! ያውም ከመንጋው ትንሿ። ይሄ ሁሉ ሰው የመጣው አበባ ሊያይ ነው።»

«ስም ነበራት።»

«ነበራት፣ አልካድኩም…»

«በል እንግዲህ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ላሞቻችን የአበባ ጉንጉን ደፍተው፣ ትልልቅ ደወል አንጠልጥለው የሚወርዱት በጋውን አንዲትም ሳትጎድል ሲያልፉ ነው። አንዲት ከሞተች ሁሉም ባዶ አንገታቸውን፣ በዝምታ ይወርዳሉ። ዛሬ ዛሬ ቱሪስት ቅር እንዳይለው ብሎ ልማዱን እንዳላየ የሚያልፍ ብዙ ነው። ኔልኬ የምትባለው የአቶ ሮሜድ ጊደር ደግሞ በዚያው ሳምንት በዝናብ አዳልጧት ገደል ገብታ ሞታለች።

«ታዲያ ደወሉን አይወስዱትም?» አልኳቸው።

«አልወስድም።»

«ለምን መጡ እንግዲህ?»

ከኮታቸው ኪስ ጭብጥ የሣር ድርቆሽ አወጡ። በጋውን ሙሉ የተሟገቱለትን ደወል ከሣጥኑ አንስተው፣ ምላሱ እንዳይንቀሳቀስ ውስጡን ጠቀጠቁት። ከዚያም የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ ብለው መለሱት።

«እሱም የመንጋው ነው» አሉ። «ዛሬ የመጣ ጎብኚ ቢነካው እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ።»

ኡርባን በመስኮቱ ድንኳኖቹን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «አበባውን ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ላሞቹ ባዶ አንገታቸውን ወረዱ። ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን ዝቅ አደረጉ። ቱሪስቶቹ ነገሩ ባይገባቸውም አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ከአስፋልቱ ላይ የሰኮና ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ዶክተር ጌርሊንዴ ከሣጥኑ ፊት ቆመው ጮኹ። «ድርቆሽ? ሙዚየም ውስጥ? ነቀዝ ልታስገቡብኝ ነው?» የሆነውን ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው የደወሉን አፍ አዩ።

«እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

«ላሞቹ በሰኔ ወደ ተራራው እስኪወጡ።»

«እንግዲያው መግለጫው ላይ ጻፊው። የሚጠይቅ ይኖራል።»

ከሥሩ በእጄ ጻፍኩ፦ «ስለ ኔልኬ ዝም ብሏል።»

ሐሙስ አቶ ሮሜድ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ጨርቃቸውን አወጡ፤ መስታወቱን ግን አልወለወሉም፣ አፍንጫቸውን ጠረጉበት።

«ፊደሉ አንሷል፣ አፍራ» አሉኝ።

እሳቸው እንደወጡ ወረቀቱን አወረድኩና አጉልቼ ጻፍኩት። ቦታ እንዲበቃ «ነሐስ» የሚለውን አወጣሁ።